ማጣሪያ ሳይገዛ በስሌት ሲሞከር

ጠላ ሲጠለል ያየ ተማሪ የዚህን ትምህርት ግማሽ ያውቀዋል። መጀመሪያ ፈሳሹ በጨርቁ ውስጥ ፈጥኖ ይወርዳል፤ አተላው ጨርቁ ላይ እየተጋገረ ሲሄድ ግን ፍሰቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ በዋናነት ፈሳሹን የሚያዘገየው ጨርቁ ሳይሆን አተላው ነው። የስኳርም ሆነ የቀለም ፋብሪካ መሐንዲስ የሚገጥመው ይኸው ጉዳይ ነው። እሱ ግን ተሳስቶ ትንሽ ማጣሪያ ከገዛ፣ ፋብሪካው በሙሉ ቆሞ ማጣሪያውን ይጠብቃል።

ስለዚህ አስቀድሞ ያሰላል። ለስሌቱ ከሚያስፈልጉት ቁጥሮች አንዳንዶቹ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ለምሳሌ የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በነጻ ከሚያቀርበው የመረጃ ቋት የውሃን ዝልግልግነት፣ ማለትም ለመፍሰስ ያለውን እምቢተኝነት፣ ማየት ይቻላል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.00፣ በ80 ዲግሪ 0.35 ሚሊፓስካል ሰከንድ ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ ባይለወጥ፣ የሞቀው ውሃ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ያልፋል ማለት ነው። የስኳር ጭማቂ ትኩሱን የሚጣራበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የአተላውን ተቃውሞ ግን ከመረጃ ቋት መቅዳት አያስተማምንም፤ እንደ እህሉና እንደ አፈጫጨቱ ይለያያልና መለካት አለበት። ግፊቱ ካልተለወጠና ድብልቁ በደንብ ከተማሰለ ቀመሩ ይህ ነው፦

ጊዜ = ሀ × ሊትር² + ለ × ሊትር

ሀ የአተላው፣ ለ የጨርቁ ድርሻ ነው። 1 ሊትር በ3 ደቂቃ፣ 2 ሊትር በድምሩ በ10 ደቂቃ ወረደ እንበል። ሀ 2፣ ለ 1 ይሆናሉ። እንግዲህ 3 ሊትር ለመሙላት 21 ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህን በሰዓት ለክታችሁ አረጋግጡ፤ ሞዴሉ ስህተት ካለበት እዚህ ላይ ይጋለጣል። ከሰመረላችሁ በኋላ በኤክሴል የጨርቁን ስፋት እጥፍ አድርጉት። ሀ ለ4፣ ለ ለ2 ይካፈላል፤ ያው 3 ሊትር በ6 ደቂቃ ያልቃል! አንድም ጨርቅ ሳይገዛ የተገኘ መልስ ነው።

ግፊቱን እጥፍ ብናደርግስ? በቀመሩ መሠረት ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ እንደ አሸዋ ላለ ጠንካራ ነገር ይህ ይሠራል። እንደ አተላ ያለ ለስላሳ ነገር ግን ሲጫኑት ይጠቀጠቅና መተላለፊያዎቹን ይደፍናል፤ ጨርቁን በእጁ የጨመቀ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሙከራው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ግፊቶች ይደገምና ሀ ለእያንዳንዱ እንደገና ይሰላል።