የሙሳ እናት ልብ



በቅዳሜው የቁርኣን ትምህርታችን ላይ አንዲት ተማሪ «እናቴ በአላህ የምትመካ ከሆነ፣ አስር ደቂቃ ሳረፍድ ስድስት ጊዜ የምትደውለው ለምንድን ነው? የኢማን ድክመት አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄዋ ግን በሳቅ የሚታለፍ ስላልነበረ ሱረቱል ቀሰስን ከፈትን።

ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የተወለዱት ፊርዐውን የበኒ ኢስራኢልን ወንዶች ልጆች ያሳርድ በነበረበት ዘመን ነው። በአንቀጽ 7 ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ለእናታቸው ያሳወቀውን ዑለማዎች በአድናቆት ይቆጥሩታል፤ በአንዲት አንቀጽ ሁለት ትእዛዝ፣ ሁለት ክልከላ፣ ሁለት ብስራት። እንድታጠባውና ስትፈራለት ወንዝ ውስጥ እንድትጥለው ታዘዘች። እንዳትፈራና እንዳታዝን ተነገራት። ልጁ እንደሚመለስላትና ከመልእክተኞች እንደሚሆን ተበሰረች።

እስኪ አስቡት፤ ልጇን ከገዳይ ለማዳን በገዛ እጇ ለውሃ መስጠት ነበረባት!

ዛሬ በአይሁዶች እጅ ባለው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 ላይም ታሪኩ አለ። እናቲቱ ሦስት ወር ደበቀችው፤ መደበቅ ሲያቅታት የደንገል ሣጥን አዘጋጅታ ውሃ እንዳያስገባ በዝፍትና በቅጥራን ለቀለቀችው። ስሟ ዮካብድ መሆኑም እዚያው ምዕራፍ 6 ላይ ተጽፏል። ቁርኣን ስሟን አይጠቅስም። ሕፃኑን ያተረፈችው በኦሪት የፈርዖን ልጅ ስትሆን በቁርኣን ግን ሚስቱ ናት፤ እኛም የምንይዘው ይህንኑ ነው። (በነገራችን ላይ ሱረቱ ጣሀ ሣጥኑን «ታቡት» ይለዋል፤ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ቃሉን ወዲያው ይለየዋል።)

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አንቀጽ 10 የእናቲቱ ልብ ባዶ እንደ ሆነ ይነግረናል። ከሙሳ በስተቀር ከሌላው ሐሳብ ሁሉ ባዶ ማለት ነው ይላሉ ብዙ ሙፈሲሮች። አላህ ልቧን ባያጠነክርላት ኖሮ ምስጢሩን ልታወጣው ተቃርባ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ልጇ እንደሚመለስ ከአላህ ቃል ተገብቶላታል! እንዲያም ሆኖ ተጨነቀች፤ አላህም አልወቀሳትም። ስለዚህ መጨነቅና በአላህ መመካት አንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ ባይ ነኝ።

ደግሞም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሴት ልጇን ዱካውን እንድትከተል ላከቻት። እህቱም ማንም ሳያውቅባት ከሩቅ ተመለከተችው፤ የሌሎችን ጡት እምቢ ባለ ጊዜ የሚያሳድጉት ቤተሰቦች እንዳሉ ጠቆመች። እናቲቱም ልጇን በድብቅ ሳይሆን በግልጽ አጠባችው። ኦሪት እንዲያውም ደመወዝ እንደ ተሰጣት ይናገራል፤ ሊያሳርደው ከነበረው ሰው ቤት!

ቀጥሎ ያለውን ዘመን ሳስብ የእናንተ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ልጇ ያደገው የእሷ ባልሆነ ቤት፣ እምነቷን በማይጋራ ሰው ግቢ ነው። የእናንተም እናቶች በየጠዋቱ ቋንቋውን በደንብ ወደማይሰሙት ትምህርት ቤት ይሸኟችኋል፤ ውስጡ የሚሆነውን አያዩም፤ ያላቸው ዱዓና ስልክ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በጡዋ ሸለቆ ወደ ፊርዐውን ሲላኩ አላህ ቀድሞ የዋለላቸውን ጸጋ አስታወሳቸው። ሱረቱ ጣሀ ከአንቀጽ 37 እስከ 40 ብታነቡት በመጀመሪያ የምታገኙት የእናታቸውን ታሪክ ነው፤ ዓይኗ እንዲረጋና እንዳታዝን ወደ እርሷ መመለሳቸውን።