«በሬ ሽጠን አንጎሉን እናስለካው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 23 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ ከክረምቱ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ብቻውን ያወራል፤ «ጎረቤት ሊገድለኝ ነው» ይላል፤ የሩዙን አረም ጥሎ ይጠፋል። ጸበል እያስጠመቅነው ነው። አሁን ደግሞ አንድ ሰው «የአንጎሉ ሽፋን ሳስቶ ይሆናል፤ በኤምአርአይ አስለኩት» አለን። በሬ ልንሸጥ ነው። ምን ይመክሩናል?
ከቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። በሬውን አትሽጡ።

ሰውየው የተናገሩት መሠረት አለው። ኮርቴክስ የምንለው የአንጎል የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኮምፒዩተር ከኤምአርአይ ምስሉ የሽፋኑን የውስጥና የውጭ ጠርዝ ለይቶ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በብዙ ሺህ ነጥቦች ላይ ይለካል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ4,400 በላይ የስኪዞፍሬንያ (እንዲህ ያሉ ምልክቶች የሚታዩበት የአእምሮ ሕመም) ሕሙማንን ከ5,000 በላይ ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ የሕሙማኑ ሽፋን በተለይ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል በአማካይ ሳስቶ አግኝቶታል።

ልዩነቱ ግን የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው፤ የሚታየውም የብዙ ሰው ውጤት ሲደመር ነው። የአንዱ ማሳ ሩዝ በአማካይ ከሌላው ጥቂት ቢያጥር፣ አንድ ዘለላ አንስቶ «ይህ ከዚያኛው ማሳ ነው» ማለት እንደማይቻል ሁሉ፣ የወንድማችሁም ልኬት ብቻውን ሕመሙን አይነግረንም። በዚያ ላይ ታማሚው ማሽኑ ውስጥ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ሽፋኑ ከእውነቱ ሳስቶ ይታያል። የተጨነቀ ልጅ ደግሞ እንዴት ጸጥ ብሎ ይተኛል?

ምስል የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፦ የሚጥል በሽታ ከጀመረው፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ፣ አንድ ጎኑ ከሰነፈ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ካለው። ይህን ሐኪሙ አይቶ ያዛል።

አሁን ወረታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይልኩታል። በቡታጅራ አካባቢ የተሠራ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ ሕሙማንን በሚገባ መከታተል እንደሚችሉ አሳይቷል። ጸበሉን አትተዉ፤ የሚታዘዝለት መድኃኒትም አይቋረጥ። ለውጡ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሰውነቱ ከተገተረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ለባለሙያው ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። እባካችሁ አትሰሩት፤ ስለታም ነገር ግን አርቁ። ራሱን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ ሳታድሩ ውሰዱት።

ስትሄዱ እንቅልፉ መቼ እንደተዛባ፣ ጫት፣ አረቄ ወይም ሐሺሽ ይጠቀም እንደሆነ፣ ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ካለ አስታውሳችሁ ሂዱ። ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው።