ምዕራፍ ሰባት፦ ቢላዋን በሥራው መምረጥ

ቢላዋ የሌለበት ቤት የለም፤ ደህና ቢላዋ ያለበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ስልክ ስንገዛ ሦስት ሰው እናማክራለን። ቢላዋ ስንገዛ ግን የሚያብረቀርቀውን አንስተን፣ ሂሳብ ከፍለን እንሄዳለን። ሳምንት ሳይሞላው ቲማቲም መጨፍለቅ ሲጀምር "የዘንድሮ ዕቃ!" ብለን እንማረራለን። ይህ ምዕራፍ ከዚህ ምሬት የሚያድን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ቢላዋ የሚመረጠው በሚሠራው ሥራ ነው። ሥራው ያልታወቀ ስለት ከመሳቢያ ቢገባ ገንዘብ ያባክናል፤ ከወገብ ላይ ቢታሰር ደግሞ የሰው ሕይወት ያበላሻል።

ምሳሌዬን ከምዕራብ ሐረርጌ እወስዳለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ጭሮ ሲደርሱ፣ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚላት ከተማ፣ የጨርጨር ደጋ ላይ ነዎት። ቡና፣ ጫት፣ ማሽላና በቤት ታስሮ የሚቀለብ ሰንጋ ያለበት አገር ነው። ከመድረስዎ በፊት ግን በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ያለውን ቆላ አልፈዋል፤ እዚያ ኑሮው ግመልና ፍየል ነው፤ የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር አርብቶ አደሮችም ይገናኙበታል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የቢላዋ ዓይነትም ይለወጣል። የደጋው ገበሬ የሚፈልገው የጓሮና የማጀት ስለት ነው። የቆላው እረኛ የሚፈልገው ከቤቱ ርቆ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውለውን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሥራቸው ስለሚለያይ ምርጫቸው ይለያያል።

አንደኛ፦ ሥራውን ይሰይሙ

ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ቢላዋው ምን እንደሚቆርጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። "ለሁሉም ነገር" የሚለው መልስ አይበቃም። ለሽንኩርትና ለቲማቲም ስስ ስለት ያስፈልጋል፤ በሁለቱም ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሳል ይበቃዋል። ገመድ፣ ቆዳና ቅርንጫፍ ለሚቆርጥ ግን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የተሳለ፣ ጀርባው ወፈር ያለ ይሻላል። ስሱን ስለት እንጨት ላይ ካዋሉት ይሸረፋል፤ ወፍራሙ ደግሞ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል።

የእርድ ቢላዋ የራሱ ወግ አለው። በአረፋ ሰሞን በጭሮ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ በየግቢው ቢላዋ ይሳላል። የእስልምና ሥርዓት የሚያርደው ሰው ስለቱን አስቀድሞ እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሰቃይ ያዛል፤ ቢላዋውን እንስሳው ፊት መሳልም የተጠላ ነው። ስለዚህ ለእርድ የሚገዛ ቢላዋ ርዝመቱ ቢያንስ የእንስሳውን አንገት ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ስለቱ ላይ ጥርስ ወይም ሽርፍራፊ አይኑርበት። ጥፍርዎን በስለቱ ላይ በዝግታ ሲያንሸራትቱ የሚይዝ ቦታ ካለ፣ ያ ቢላዋ ገና አልተሳለም። ይህን ቢላዋ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ለሽንኩርትም ለማገዶም አያውሉት።

ሁለተኛ፦ ብረቱን ይወቁ

በገበያችን በብዛት የሚገኘው ብረት ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ባሌስትራ ነው። የመኪናን ጭነት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲቃና የኖረ ብረት ስለሆነ አገራችን ውስጥ ቀጥቃጮች ይመርጡታል። በውስጡ ያለው ካርቦን ወደ 0.6 በመቶ ይጠጋል፤ እሳትና ዘይት ሲያገኝ የሚጠነክረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የግንባታ ፌሮና ላሜራ ነው። ካርቦናቸው የባሌስትራውን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ምንም ያህል ቢቀጠቀጡ ስለት አይዙም። ሦስተኛው የማይዝገው የፋብሪካ ብረት ነው። ብረት "የማይዝግ" የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ነው። ለሎሚና ለቲማቲም ይመቻል፤ ርካሹ ግን ቶሎ ይዶለዱማል።

ብረቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቢላዋው የሚበላሸው እሳቱ ላይ ነው። የሚያውቅ ቀጥቃጭ ስለቱን ፍም ውስጥ ከትቶ በወናፍ እያናፋ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ፣ ማለትም ከ770 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ያግለዋል። ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ሰዓት ብረቱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ ጎኑን ወልውሎ እንደገና በለስላሳ ሙቀት ያሞቀዋል፤ በ200 ዲግሪ ገደማ የተወለወለው ቦታ የገለባ ቀለም ሲይዝ ያወጣዋል። ጥንካሬው ሳይለቅ ተሰባሪነቱ ይጠፋል። ይህን ሁለተኛውን ሙቀት የዘለለ ቀጥቃጭ የሠራው ቢላዋ ሲታይ ያምራል፤ አጥንት ሲነካ ግን ጫፉ ይረግፋል።

ገበያ ላይ ሆነው የሚያደርጉት ሙከራ ይህ ነው። ቢላዋውን ወደ ብርሃን ያዙሩና ከጀርባው በኩል እስከ ጫፉ በአንድ ዓይን ይመልከቱ፤ መጣመም ካለ ወዲያው ይታያል። ቀጥለው የስለቱን ጠርዝ ይዩ። ሰማያዊ ጥላ ካለው ማሽን ላይ ሲሳል ተቃጥሏል፤ ያ ቦታ ለስልሷል ማለት ነው፣ ይተዉት። በመጨረሻ ሻጩን አስፈቅደው ደቃቅ ሞረድ በጠርዙ ላይ ቀለል አድርገው ይሳቡ። ሞረዱ ላሜራ እንደሚበላ ጥርሱን ከቀበረ ብረቱ ልስልስ ነው። ጨርሶ ከተንሸራተተ ደርቋል፤ ሊሰበር ይችላል። እየተግደረደረ ጥቂት ብቻ ከነከሰ ይግዙት።

ቀጥቃጩን ካገኙት ደግሞ ያነጋግሩት። "ብረቱ ከምን ወጣ? በምን አጠነከርከው?" ብለው ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ይወደዋል። አገራችን የብረት ባለሙያን በስሙ ሳይሆን በስድብ ስትጠራ ኖራለች፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ያንን አመለካከት ግን ገና አልጨረስነውም። ከቀጥቃጭ እጅ አዝዞ፣ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፣ ሥራውን በስሙ ማመስገን ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፦ እጀታና አፎት

ቢላዋ ከእጅ ሲያመልጥ ሰው ያቆስላል። ስለዚህ ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ ምን ድረስ እንደገባ ይመልከቱ። እስከ ጫፉ ዘልቆ በሁለት ወይም በሦስት ሪቬት የተያዘ ይሻላል። ወይራ ጠጣር በመሆኑ ጥሩ እጀታ ይወጣዋል፤ ቀንድም ያምራል፣ ነገር ግን ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አልፎ አልፎ ዘይት ይፈልጋል። እጅዎን አርጥበው ይያዙትና ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉት፤ ከተንሸራተተ ለማጀት አይሆንም።

አፎቱ ስለቱን አጥብቆ መያዝ አለበት። ቢላዋውን ገልብጠው ሲያወዛውዙት የሚወድቅ ከሆነ አፎቱ ሥራውን አልሠራም። የቆዳ አፎት ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይበጅም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ነገርም ብረት ያዝጋል።

አራተኛ፦ በወገብ የሚታሰረው

ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ሲወራ ጊሌን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ጊሌ የአፋር ጩቤ ነው፤ ጎበጥ ያለ፣ ሰፊ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው፣ ከፊት ለፊት በወገብ ላይ የሚታሰር። ለእረኛው ሥጋ መቁረጫ፣ ቅርንጫፍ መመልመያና የክብር ምልክት ነው። የጅቡቲ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ስትወጣ በአርማዋ ላይ ስለት የጨበጡ ሁለት እጆች አስቀምጣለች፤ አፋርንና ኢሳን ይወክላሉ። ስለት ለእነዚህ ሕዝቦች ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን ጊሌ ሥራው ሜዳ ላይ ነው። እረኛው ታጥቆት አይተህ ከተማ ውስጥ ብትታጠቀው ጌጥህ እንጂ ክብርህ አይጨምርም። ወጣት አንባቢዬ፣ ይህን ለአንተ ነው የምለው፦ ቢላዋ ኪስህ ውስጥ ካለ፣ በቡጢ የሚያልቅ ጠብ በቀብር ያልቃል። "ለመከላከያ ነው" የሚለው ሐሳብ ብዙ ልጆችን እስር ቤትና መቃብር አስገብቷል። የምትሠራው ሥራ ከጠየቀህ ያዝ፤ ሥራው ሲያልቅ ቤት አስቀምጥ። ወደ ስታዲየም፣ ወደ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሰርግና ወደ ሰልፍ ይዘህ አትሂድ። በአውቶቡስ ስትጓዝ በሻንጣ ውስጥ ጠቅልለህ አስገባው፤ በአውሮፕላን ከሆነ ካርጎ በሚገባው ሻንጣ ይሁን።

አምስተኛ፦ የቢራቢሮ ሰንጢ

ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ አይቶታል፦ ሁለት እጀታው እንደ ክንፍ እየተገለጠ፣ በጣቶች መሐል እየተሽከረከረ የሚከፈትና የሚዘጋ ሰንጢ። መነሻው ፊሊፒንስ ውስጥ ባታንጋስ የሚባለው ግዛት ነው፤ እዚያ ባሊሶንግ ይሉታል። የባታንጋስ ቀጥቃጮችም እንደኛዎቹ የመኪና ባሌስትራ ይቀጠቅጣሉ። ከመግዛትዎ በፊት ግን የትውልድ አገሩ እንኳ ምን እንዳለ ይወቁ። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ ስለታም መሣሪያን ለእንጀራ ሥራ ወይም ለሌላ ሕጋዊ ተግባር ካልሆነ በቀር ከቤት ውጭ መያዝን ከልክላለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የዚህን ሰንጢ ሽያጭ አግዳለች፤ ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከልክላዋለች። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ እንዳይረሳው።

የጣት ጥበቡን መማር የሚሻ ሰው ግን መንገድ አለው፤ ስለት የሌለውን የመለማመጃ ዓይነት ይግዛ። የሚመርጠውም በሦስት ነገር ነው።

እጀታው። ከአንድ ብረት ተቦርቡሮ የወጣ እጀታ፣ በብሎን ከተጣበቀ ሁለት ላሜራ ይልቅ ሲወድቅ ይችላል። ክብደቱ ከ100 እስከ 150 ግራም ቢሆን ለጀማሪ ይበቃል፤ በጣም ከቀለለ ሽክርክሩ መሐል መንገድ ላይ ይሞታል።

መጋጠሚያው። እጀታዎቹ የሚዞሩት በሮንዴላ ወይም በኩሽኔታ ላይ ነው። ሁለቱን እጀታ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙ፤ ከተንቋቋ ብሎኑ ይጠበቅ። ጠብቆም ካላቆመ አይግዙት።

የሚያዘው ጎን። ሰንጢው ሲዘጋ አንደኛው እጀታ ላይ ጀርባው ያርፋል፤ ሌላው ላይ ስለቱ። መያዝ ያለበት ጀርባው የሚያርፍበት ነው። መቆለፊያዋ ብዙ ጊዜ ስለቱ በሚያርፍበት እጀታ ጫፍ ላይ ትሆናለች፤ በራስዎ ሰንጢ ላይ ግን ያረጋግጡ። በደነዙ ሲለማመዱ የተሳሳተውን እጀታ የያዙበት ጊዜ ሁሉ፣ በተሳለው ቢሆን ኖሮ ጣት ይቆረጥ ነበር።

ልምምዱ ቁጭ ብሎ፣ ሕፃናት በሌሉበት፣ ምንጣፍ ወይም ሣር ላይ ይሁን። ሲያመልጥ ለመያዝ አይሞክሩ፤ ይውደቅ።

ስድስተኛ፦ ለማቆየትና ለመሰብሰብ

ከጭሮ ወደ ምሥራቅ ቀጥለው ሐረር ሲገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጁገል ውስጥ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በመባል በሚታወቀው ሕንፃ አንድ የግል ሙዚየም ያገኛሉ። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በራሳቸው ጥረት የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችንና የጦር መሣሪያዎችን ሰብስበው ለሕዝብ ያሳዩበት ነው። ከእሳቸው የምንማረው ሰብሳቢ ማለት ብዙ ያለው ሳይሆን የያዘውን ጠብቆ ለሌላ የሚያካፍል መሆኑን ነው።

እርስዎም አባትዎ የተዉልዎትን አንድ ጩቤ ይዘው ሊጀምሩ ይችላሉ። በወረቀት ላይ ማን እንደሠራው፣ የት፣ መቼ፣ እጀታው ከምን እንደሆነና በማን እጅ እንዳለፈ ይጻፉ፤ ይህ ታሪክ ከሌለው ስለቱ ተራ ብረት ነው። በጊዜ የጠቆረውን ገጽ በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ ዋጋው የሚኖረው እዚያ ላይ ነው። ቀዩን ዝገት በጨርቅና በጥቂት ዘይት ብቻ ያንሱ። የምግብ ዘይት ቆይቶ ስለሚያጣብቅ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይሻላል። ስለቱን ከአፎቱ አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ አፎቱ ጎኑ ይተኛ። ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑንም አይዘንጉ፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ።

ለተግባር

ዛሬ ማታ ቤትዎ ያሉትን ቢላዋዎች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። ለእያንዳንዱ ሥራውን ይሰይሙ። ሥራ ያላቸውን ይሳሉ፤ እጀታቸው የላላውን ወደ ቀጥቃጭ ይውሰዱ። ሥራ ያላገኙላቸውን ከልጆች እጅ አርቀው ይቆልፉባቸው። ገበያ ወጥተው አዲስ ሲያማርጡም ሦስት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ ምን ሊቆርጥልኝ ነው? ብረቱ ከምን ወጣ? ሥራውን ሲጨርስ የት ይቀመጣል? ሦስቱንም ከመለሱ ይግዙ። የመጀመሪያውን መመለስ ካቃትዎ ግን ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።