የወንዝን ጤንነት በምን እንለካለን?

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ተነሥተው አዲስ አበባን ያቋርጣሉ፤ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተውም ወደ አዋሽ ያመራሉ። በጉዟቸው ለብዙ ዓመታት የከተማዋን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀበሉ ኖረዋል። ከታች ደግሞ በዚሁ ውኃ አትክልት የሚያለማና ከብት የሚያጠጣ ሕዝብ አለ። ስለዚህ «ወንዙ ታሟል ወይስ ድኗል?» የሚለው ጥያቄ አስተማማኝ መልስ ይሻል።

የጠርሙስ ናሙና ለምን ብቻውን አይበቃም?

የኬሚካል ምርመራ ውኃው በተቀዳበት ሰዓት የነበረውን ሁኔታ ይነግረናል። ፍሳሹ ሌሊት ተለቅቆ እኛ ቀትር ላይ ብንደርስ ግን ምልክቱን ላናገኘው እንችላለን። በወንዙ ወለል ለወራት የሚኖሩ እንስሳት በአንጻሩ ያለፈውን ሁሉ ተቀብለዋል። ኮልክቪትስና ማርሶን የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ሕያዋንን የብክለት አመልካች የሚያደርገውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 አሳትመዋል።

ከድንጋይ ሥር ያሉ ምስክሮች

የሚበሰብስ ቆሻሻ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ በውኃው የሟሟውን ኦክስጅንም ይጨርሳሉ። ብዙዎቹ የሜይፍላይ እጮች ይህን አይችሉም። ቀያዮቹ የኪሮኖሚድ እጮች ግን ሄሞግሎቢን ስላላቸው በአነስተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ።

በብሪታንያ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ የእንስሳት ቤተሰብ እንደ ስሱነቱ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ከላይኛው የወንዝ ክፍል ባለ 10፣ ባለ 5፣ ባለ 4 እና ባለ 2 ነጥብ ቤተሰቦችን ብናገኝ ድምሩ 21፣ አማካዩ 5.25 ይሆናል። ከታች አልቅት (3)፣ ኪሮኖሚድና (2) ትላትል (1) ብቻ ቢገኙ አማካዩ ወደ 2 ይወርዳል። ሆኖም የአውሮፓ ሠንጠረዥ ለደጋ ወንዞቻችን እንዳለ አይስማማም፤ በዚህም ምክንያት ኢትባዮስ የተሰኘ የኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆኗል።

ወንዙ ሥራውን ይሠራል?

የነዋሪዎቹ ዝርዝር የጤናው አንድ ገጽታ ነው፤ ሌላው የወንዙ ተግባር ነው። ጤናማ ወንዝ የወደቀ ቅጠል አብላልቶ ለምግብ ሰንሰለቱ ያቀርባል። ይህን ለመለካት የደረቀና የተመዘነ አንድ ዓይነት ቅጠል ዐይነ ጠባብና ዐይነ ሰፊ በሆኑ የመረብ ከረጢቶች ተደርጎ ውኃ ውስጥ ይታሰራል። ወደ ጠባቡ የሚገቡት ፈንገስና ባክቴሪያ ናቸው፤ ወደ ሰፊው ቅጠል ቆራጭ እንስሳትም ይገባሉ። ከሳምንታት በኋላ ቅጠሉ ታጥቦ፣ ደርቆና ተመዝኖ የሁለቱ ልዩነት የእንስሳቱን ድርሻ ያሳየናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይቱና በጠጣር ባሕርይው ስለሚዘገይ ከሌላ ቅጠል ጋር ማምታታት አይገባም። ፈጣን ብስባሴም ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም፤ መጠነኛ የማዳበሪያ ፍሳሽ ሊያፋጥነው ይችላልና።

እንግዲህ ውኃው ጠራ ማለት ወንዙ ዳነ ማለት አይደለም። መዳኑን የምናረጋግጠው ኬሚካሉ ሲስተካከል፣ ስሱዎቹ እንስሳት ሲመለሱና ተግባሩ ሲቃና ነው። ተማሪዎች ጓንትና ቦት ጫማ አድርገው፣ በመምህር መሪነት፣ በአቅራቢያቸው ያለን ወንዝ ከፍሳሹ በላይና በታች በማነጻጸር ይህን ሊሞክሩት ይችላሉ።