ልጅ ሲጫወት ምን ይታያል?

ገበሬ አዝመራውን የሚያየው በመከር ቀን ብቻ አይደለም። ከዘራ በኋላ ማሳውን ይመላለስበታል። ቡቃያው ቢጫ ሲሆን ያያል። አረም ሲበዛ ያርማል። ውሃ ሲተኛበት ቦይ ቀዶ ያፈሳል። በመከር ቀን ብቻ ቢሄድ ኖሮ የጎደለውን ይቆጥር ነበር እንጂ ሊያቃናው አይችልም ነበር።

ልጅም እንዲሁ ነው። በየቀኑ ያድጋል። እግሩ ይጠነክራል፤ እጁ ይፍታታል፤ ከሰው ጋር መኖርን ይማራል። ይህን ዕድገት ለማወቅ ልጁን ሲጫወት ማየት ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት ለዚህ የተመደበው ትምህርት የሰውነት ማጎልመሻ ይባላል። ብዙ ወላጆች ግን «ጨዋታ ነው» ብለው ይንቁታል። በዚህ ምንባብ አስተማሪ ልጆች ሲጫወቱ ምን እንደሚያይና ያየውን ለምን እንደሚጽፍ እንማራለን።

1. ስታዲየምና የትምህርት ቤት ግቢ

በአዲስ አበባ መካከል ቂርቆስ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ካዛንቺስ በዚሁ የሚገኝ የቆየ ሠፈር ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥቱ ሠራተኞች በዚያ መኖሪያ ቤቶች ሠርቶ ነበር። ቤቶቹን የሚያሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባላል። ቤት በጣሊያንኛ «ካዛ» ነው። ሕዝቡም ሁለቱን ቃላት አገጣጥሞ ሠፈሩን ካዛንቺስ አለው።

ከዚህ ሠፈር ወደ ታች ሲወርዱ መስቀል አደባባይ ይገኛል። ከአደባባዩ አጠገብ የአዲስ አበባ ስታዲየም አለ። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በዚህ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዷል። ይህ ትልቅ ክብር ነው። በስታዲየም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን አሸነፈ?» ይባላል።

የትምህርት ቤት ግቢ ግን ስታዲየም አይደለም። በግቢው የሚጠየቀው ሌላ ነው። «ይህ ልጅ ትናንት የማይችለውን ዛሬ ቻለ ወይ? ያልቻለው ምን ከልክሎት ነው?» ይባላል። አንደኛ የወጣውን ብቻ ካየን የቀሩትን ልጆች ሁሉ ሳናያቸው ቀረን ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ተማሪዎች በቀለም ትምህርትም በተግባር ትምህርትም በየጊዜው እንዲመዘኑ አዟል። ይህ ተከታታይ ምዘና ይባላል። ማሳን እንደ መመላለስ ነው።

2. የሚመዘኑት ሁለት ነገሮች

አስተማሪ በጨዋታ ጊዜ ሁለት ነገር ይመለከታል።

አንደኛው የእንቅስቃሴ ችሎታ ነው። መሮጥ፣ መዝለል፣ በአንድ እግር እንጣጥ ማለት፣ መወርወር፣ መቅለብ፣ ኳስ መምታት ከዚህ ይቆጠራሉ። ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በአንድ እግር መቆምን ይለማመዳሉ። ገመድ ሲዘሉ እግራቸውና ዓይናቸው ይስማማሉ።

ሁለተኛው ከሰው ጋር የመኖር ችሎታ ነው። ተራ መጠበቅ፣ ደንብ ማክበር፣ ኳስ ለጓደኛ ማካፈል፣ ሲሸነፉ አለማኩረፍ፣ የወደቀን ማንሣት፣ ዳር የቆመን መጥራት ከዚህ ይቆጠራሉ። ወንፈል የሚወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዛሬ የእገሌ ማሳ ይታረማል፤ ነገ የእኔ ነው። ተራውን የማይጠብቅ ሰው ወንፈል ያፈርሳል። ልጅ ይህን ጠባይ ገና በኳስ ጨዋታ ይማረዋል።

3. ምሳሌ፦ የገበሬው ልጅ

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እናንሣ። እንበልና አንድ ገበሬ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን ቂርቆስ ከምትኖር እህቱ ዘንድ ለትምህርት ላካት። ከሦስት ወር በኋላ ሊጠይቃት ሄደ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ልጆቹ በግቢው ኳስ ይቀባበላሉ። ልጁ ዳር ቆማለች። ኳሷ ወደ እርሷ ስትመጣ እጇን ዘረጋች፤ ኳሷ ግን ደረቷን መትታ ወደቀች። ልጆቹ ሳቁ።

አባት አፈረ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ አስተማሪዋ ጠጋ አለ።

«መምህርት፣ እንደምን ዋሉ? የዚህች ልጅ አባት ነኝ። ፈዛዛ ሆና አስቸገረችዎ መሰለኝ። አገር ቤትም እንዲሁ ናት» አለ።

«እግዜር ይመስገን፤ እንኳን ደኅና መጡ አባቴ። ይቀመጡ፤ መዝገቡን አብረን እንየው» አለችው።

አስተማሪዋ ደብተር አውጥታ ከፈተች። በደብተሩ የየልጁ ስም ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ችሎታ ሦስት ሦስት ምልክት ትፈልጋለች። ምልክቱ ከታየ አንድ፣ ካልታየ ዜሮ ትጽፋለች።

ለሩጫ የምትፈልገው ይህ ነው። ልጁ ፊት ለፊት ያያል ወይ? ክንዱ ታጥፎ ከእግሩ ጋር ይፈራረቃል ወይ? በእርምጃው መካከል ሁለቱም እግሮቹ ለቅጽበት ከመሬት ይነሣሉ ወይ?

ለመወርወር፦ ልጁ ጎኑን ወደሚወረውርበት ያዞራል ወይ? በቀኝ እጁ ሲወረውር በግራ እግሩ ይራመዳል ወይ? ከለቀቀ በኋላ እጁ ወደ ፊት ይከተላል ወይ?

ለመቅለብ፦ እጁን ከፊቱ ያዘጋጃል ወይ? ኳሷ ስትመጣ እጁን ወደ እርሷ ይሰዳል ወይ? ደረቱን ሳያስደግፍ በእጁ ብቻ ይይዛታል ወይ?

ገበሬው ማንበብ የተማረ ነበር። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ የልጁን ውጤት ቀስ ብሎ አነበበ። «ጥቅምት። ሩጫ፣ ሦስት። በአንድ እግር እንጣጥ ማለት፣ ሦስት። መወርወር፣ ሦስት። መቅለብ፣ አንድ። ኅዳር። ሩጫ፣ ሦስት። መቅለብ፣ አንድ።»

«አዩ አባቴ? ሰነፍ እግር እንዲህ አይሮጥም። ፈዛዛ ልጅ በአንድ እግሯ እንዲህ አትቆምም። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። እጇን ታዘጋጃለች፤ ነገር ግን ኳሷ አጠገቧ እስክትደርስ ድረስ አትንቀሳቀስም። ከደረሰች በኋላ ትደነግጣለች። ይህ ለምን ይመስልዎታል?»

አባት ዝም አለ።

አስተማሪዋ ሌላ ገጽ ገለጠች። «ጠባይዋንም ይመልከቱ። ተራ ትጠብቃለች። ደንብ ታከብራለች። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ትስቃለች፤ ታናናሾቿን ታለማምዳለች። ዳር የምትቆመው በኳስ ጨዋታ ብቻ ነው። ስለሚስቁባት ነው። እኔ እንደምገምተው ሩቅ ያለውን አጥርታ አታይም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ዓይኗ ይመርመር።»

ይህን ጊዜ አባት ሁለት ነገር ትዝ አለው። ልጁ ምስር ስትለቅም ሰፌዱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ነበር። ደግሞም አንድ ቀን ጥጃ ከመንጋ ተለይቶ ጠፋባት። «አላየሁትም አባዬ» ብላ አለቀሰች። እርሱ ግን «በጨዋታ ፈዘሽ ነው» ብሎ ቀጣት።

«እውነቷን ነበር ለካ» አለ።

ልጅቱ ተመረመረች። ሩቅ ያለውን አጥርታ የማታይ ሆና ተገኘች። መነጽር ተሰጣት። አስተማሪዋም ለስለስ ያለ ትልቅ የጨርቅ ኳስ ሰጥታ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በቅርብ እንድትቀባበል አደረገች። ሌሎቹን ልጆች በወደቀ ሰው መሳቅ የጨዋታ ደንብ አለመሆኑን አስተማረቻቸው። በጥር ወር መዝገብ ላይ «መቅለብ፣ ሦስት» ተብሎ ተጻፈ።

አስተማሪዋ የዓይን ሐኪም አልነበረችም። ያየችውን በየቀኑ ስለ ጻፈች ብቻ አንዱን ችሎታ ከሌላው ለይታ አወቀች። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ግን ሁሉን በአንድ ከረጢት ይከታል። ምን እንደ ጎደለ አይነግረንም።

4. ምዘና እንዴት ይሠራል?

እንዲህ ያለው አሠራር በሌላም ዓለም አለ። ዴል አልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕፃናት እንቅስቃሴ መመዘኛ አወጣ። መመዘኛው ከ3 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ዘለለ?» ብሎ አይደለም። «እንዴት ዘለለ?» ብሎ ነው። ሰፊ ሜዳና ውድ መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ይጠቅማል። ዓይንና እርሳስ ይበቁታልና።

በምዘና ጊዜ አምስት ነገሮችን እናስታውስ።

ሀ. ልጁን ከሌላ ልጅ ጋር ሳይሆን ከትናንት ከራሱ ጋር እናመዛዝን። በክራንች የሚሄድ ልጅም ትናንት ሦስት እርምጃ፣ ዛሬ አምስት ከሄደ አድጓል።

ለ. በአንድ ቀን አንፍረድ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያሳየን፤ በሌላ ሳምንትም እንየው።

ሐ. ሴትና ወንድ ልጅን እኩል እናጫውት። ኳስ ነክታ የማታውቅ ልጅ ኳስ አትችልም ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

መ. ምክንያቱን እንፈልግ። የማይሮጥ ልጅ ርቦት ይሆናል። የማይታዘዝ ልጅ ጆሮው አይሰማ ይሆናል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን መመገብ የተጀመረው የራበው ልጅ መማርም መጫወትም ስለማይችል ነው።

ሠ. ለአዲስ መጤ ልጅ ጊዜ እንስጠው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛውረዋል። ከትልልቆቹ ጋር ልጆችም ሄደዋል። የጨዋታ ጓደኛውን ትቶ የሄደ ልጅ በአዲሱ ግቢ መጀመሪያ ዳር ይቆማል። ይህን አይቶ «ሰው አይወድም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። መጀመሪያ የሚጠራው ጓደኛ እንፈልግለት፤ ከዚያ በኋላ እንጻፍ።

5. ወላጅ ምን ያድርግ?

ማንበብና መጻፍ የቻለ ወላጅ ይህን ሥራ በቤቱም ሊሠራ ይችላል። አንድ ደብተር ይግዛ። በየወሩ የልጁን ስም፣ ቀኑንና ያየውን ይጻፍ። «በአንድ እግሩ አሥር ጊዜ ዘለለ። ከእህቱ ጋር ኳስ ተካፈለ። ሲሸነፍ አለቀሰ፤ ነገር ግን ተመልሶ ተጫወተ።» እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። አስተማሪ ዘንድ ሲሄድ ደብተሩን ይዞ ይሂድ። አስተማሪው በቤት ያለውን አያውቅም፤ ወላጁ በግቢው ያለውን አያይም። ሁለቱ ሲገናኙ ልጁ ሙሉ ሆኖ ይታያል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ እንዳለባቸው ይመክራል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሩጫ ይህን ያህል ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ከእኩዮቹ ጋር ተራ እየጠበቀ የሚጫወትበት ጊዜም ያስፈልገዋል። ሥራ ብቻውን ይህን አያስተምርም።

እንግዲህ ልጃችን ከጨዋታ ሲመለስ «አሸነፍህ ወይ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። «ዛሬ ምን ቻልክ? ከማን ጋር ተጫወትክ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም እንጻፈው።

አዲስ ቃላት

ምዘና፦ የአንድን ሰው ችሎታ አይቶ መለካት።
ተከታታይ፦ ሳይቋረጥ በየጊዜው የሚደረግ።
መቅለብ፦ የተወረወረን ነገር በአየር ላይ መያዝ።
ቅጽበት፦ በጣም አጭር ጊዜ።

ጥያቄዎች

1. የስታዲየም ጥያቄና የትምህርት ቤት ግቢ ጥያቄ በምን ይለያያሉ?
2. አስተማሪዋ ልጅቱ ሰነፍ አለመሆኗን በምን አወቀች?
3. አባት ምን ትዝ አለው? ቀደም ብሎ ቢያስተውል ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?
4. በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ «ፈዛዛ» ወይም «ሰነፍ» የሚባል ልጅ አለ? አንድ ሳምንት ሲጫወት ይመልከቱት። የሚችለውን ሦስት ነገር፣ የሚያስቸግረውን አንድ ነገር በደብተርዎ ይጻፉ። ከዚያም በመማሪያ ጓድዎ ፊት ያንብቡት።