ደብዳቤ አምጪ ፕሮግራምን ከምንጩ ስለ መሥራት

በሚዛን ተፈሪ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ፥ ሩቅ ባለ ማሽን ላይ የተቀመጠን ደብዳቤ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ መስመሩ በተገኘ ጊዜ ደብዳቤውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ቤት የሚያመጣ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. ከመግባቱ በፊት በአዲስ አበባ፥ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ደብዳቤዎችን በስልክ መስመር እየሰበሰበ ያደርስ ነበር።

እኔ የመረጥሁት ፌችሜይል የተባለውን ነው። ኤሪክ ሬይመንድ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፥ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ነው። ተሠርቶ ያለቀውን መጫን ይቀላል፤ እናቶቻችን ግን ጥሬውን ቡና አይተውና ለቅመው ይቆላሉ እንጂ የተፈጨ አይገዙም። የታሸገው ፋይል ከተፈታ በኋላ «ኮንፊገር» የተባለው ትእዛዝ ማሽኑን ይመረምራል፤ የሲ ቋንቋ ተርጓሚው ቢጎድል ይህንኑ ነግሮ ይቆማል። ቀጥሎ «ሜክ» ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል፤ «ሜክ ኢንስቶል» በየቦታው ያኖረዋል። ለዚህ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያሻል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል! ፌችሜይል ደብዳቤውን አምጥቶ ለቤቱ ማሽን ካስረከበ በኋላ ከሩቁ ማሽን ይሰርዘዋል። የነፃ ትምህርት ዕድል መልስ የሚጠባበቅ ተማሪ በመመሪያው ፋይል ውስጥ «ኪፕ» የሚለውን ቃል ካልጻፈ፥ የቤቱ ዲስክ ቢበላሽ ደብዳቤው ከሁለቱም ስፍራ ይጠፋል። የይለፍ ቃልም በዚሁ ፋይል ስለሚጻፍ፥ ፋይሉ ከባለቤቱ በቀር ለሌላ ሰው ክፍት ከሆነ ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል፤ እንዲህ ያለው ዘበኛ ደስ ይለኛል።