ለከባድ መኪና የሚሆን መንገድ ጠቋሚ፦ ካርታው የማይቆጥረው ከፍታ

ቁሐር ሚካኤል በሚገኝበት በፎገራ ሜዳ ላይ የሚጓዝ ሾፌር ስለ ዳገት ብዙም አይጨነቅም። ወረታ መገንጠያ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንደኛው መንገድ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋይንት ወደ ወልድያ፣ ብሎም ወደ ሚሌና ጂቡቲ ያመራል። ዛሬ ብዙ ሾፌሮች መንገዱን የሚጠይቁት የእጅ ስልካቸውን ነው። ስልኩም ርቀቱንና ሰዓቱን ይነግራቸዋል። ለመሆኑ ከነተሳቢው 40 ቶን ለሚመዝን መኪና ይህ መልስ ይበቃልን?

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። “የት ነኝ?” የሚለውን የሚመልሱት በ20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ናቸው። ተቀባዩ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ሰምቶ ሦስት የቦታ ልኬቶችንና የራሱን ሰዓት ስሕተት ያሰላል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ያዛባል። ተቀባዩ የሚያዳምጥ እንጂ የሚልክ ባለመሆኑ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። “በየት ልሂድ?” የሚለውን የሚመልሰው ግን ካርታው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሳተላይቶቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ያልጫነ ሾፌር ግን በባዶ ሰሌዳ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ቀረችው።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የከፍታው ልዩነት 900 ሜትር ያህል ነው። 40,000 ኪሎ ግራም በ9.8፣ ከዚያም በ900 ሲባዛ 353 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል፤ ሞተሩ ከዚህ 40 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ እንኳ ጭነቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 25 ሊትር ገደማ ይነዳል። የጎማና የአየር ግጭት በዚህ ላይ ይታከላል።

የባሰው ሲወርድ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት አይጠፋም፤ ጎማና አየር ያልወሰዱትን ሞተሩና ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጡት ይገባል። ከልክ በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። አንጋፋ ሾፌሮች ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ፊዚክስ ተምረው አይደለም፤ ግን ትክክል ናቸው።

እንግዲህ መሣሪያ ስንመርጥ ኔትወርኩን እናጥፋና ከወረታ ደብረ ታቦር ያለውን መንገድ እንጠይቀው። ጉግል ማፕስ የመኪና መንገድ ሲያሳይ የመኪናውን ክብደትና ቁመት አይጠይቅም። ኦስምአንድ የተባለው ፕሮግራም ግን ካርታውን ስልክ ላይ ይጭናል፤ የጭነት መኪናን ክብደትና ቁመት ይቀበላል፤ የመንገዱን ከፍታም በሥዕል ያሳያል። ይሁን እንጂ የድልድዩን የክብደት ገደብ ካርታው ላይ ያስገባ ሰው ከሌለ፣ ፕሮግራሙ ገደብ እንደሌለ ቆጥሮ ያሳልፋል። ለከባድ መኪና ተብሎ ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያም የኢትዮጵያን ካርታ መያዙ ከግዢ በፊት ይረጋገጥ።

ፎገራ በክረምት ሌላ ጣጣ አላት። በ1998 ዓ.ም. እንደሆነው ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ከጠፈር የሚመጣው ምልክት ይህን አይነግረንም። ይህንኑ ለማወቅ ከወዲያ በኩል ለሚመጣ ሾፌር መደወል ይሻላል።